በርቀት እየሠሩ ዱባይ ቤት ሲከራዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በርቀት የሚሠራ ሰው ዱባይን ቢመርጥ አይገርምም። ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም። ከአዲስ አበባ የአራት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። የሚሠሩበት ድርጅት ውጭ አገር ከሆነና በወር ቢያንስ 3,500 ዶላር እንደሚያገኙ ማሳየት ከቻሉ ደግሞ የአንድ ዓመት የርቀት ሥራ ቪዛ አለ፤ ይታደሳል።

ፈተናው ቤት ፍለጋው ላይ ነው። እዚህ ኪራይ ከባለቤቱ ጋር ተግባብተው ወር በገባ ቁጥር የሚከፍሉት አይደለም። ውሉ የዓመት ነው፣ ክፍያው በአብዛኛው በቼክ ነው፣ ውሉም መንግሥት ዘንድ ይመዘገባል። ከመፈረምዎ በፊት ብዙ ነገር መደራደር ይችላሉ። ከፈረሙ በኋላ የሚሰማው ወረቀቱ ብቻ ነው። ሰው የሚጎዳው ደግሞ ከፊርማው በፊት ባሉት ጥቂት የጥድፊያ ቀናት ነው።

ገና አገር ቤት እያሉ የዓመት ቤት መያዝ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በስልክ ያዩት ፎቶ ያምራል፣ ዋጋው ከአካባቢው ይረክሳል፣ ደላላው «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቀብድ ይላኩ» ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቤቱን በአካል ሳያዩ ገንዘብ አይላኩ።

ዱባይ ለማጣራት የሚያስችል ጥሩ መሣሪያ አላት። እያንዳንዱ የቤት ማስታወቂያ የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ደላላውም የሬራ (የዱባይ የቤትና የመሬት ገበያ ተቆጣጣሪ) መታወቂያ መያዝ አለበት። ሁለቱንም የመሬት መምሪያው ባዘጋጀው «ዱባይ ሬስት» በሚባለው መተግበሪያ ማረጋገጥ ይቻላል። ከዚያ የቤቱን ካርታ ያስመጡ። በካርታው ላይ ያለው ስም፣ በውሉ ላይ ያለው የአከራይ ስምና ቼኩ የሚጻፍለት ሰው ስም አንድ መሆን አለባቸው። ባለቤቱን ወክዬ ነው የምፈርመው የሚል ሰው ካለ የውክልና ሰነዱን ይጠይቁ። «በጥሬ ገንዘብ ስጡኝ» ከተባለ ደግሞ ተነሥቶ መሄድ ነው።

የመጀመሪያውን ወር ፈቃድ ባለው የሆቴል አፓርትመንት ወይም በአጭር ጊዜ ኪራይ ቢያሳልፉ ይሻላል። ወጪው ሊከብድ ይችላል፣ በተለይ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው የቱሪስት ወቅት። ነገር ግን ያ ወር በከንቱ አይሄድም። የኤሚሬትስ መታወቂያ ሳይወጣ የባንክ ሂሳብ መክፈት ይከብዳል፤ ያለ ሂሳብ ደግሞ የቼክ ደብተር የለም። ደመወዙ ከውጭ ለሚገባ ሰው ባንኩ ደብተሩን ለመስጠት ሊዘገይም ይችላል። ስለዚህ ለዓመቱ ቤት ቢቸኩሉም ወረቀቱ አያስቸኩልዎትም።

የዓመቱን ኪራይ ለ12 አካፍሎ መወሰን

በዓመት 60,000 ድርሃም የሚከራይ ስቱዲዮ እንውሰድ። ለ12 ሲካፈል 5,000 ነው፤ ሰው ይህን አይቶ «እችለዋለሁ» ይላል። የመግቢያውን ቀን ሂሳብ ግን ይመልከቱ። በአራት ቼክ ከተስማሙ የመጀመሪያው ቼክ 15,000 ነው። ማስያዣው እንደተለመደው 5 በመቶ፣ 3,000 ነው፤ ዕቃ የተሟላለት ቤት ከሆነ 10 በመቶ ይሆናል። የደላላው 5 በመቶ ከነቫቱ 3,150 ነው። ለውሃና ለመብራት ድርጅቱ፣ ለዴዋ፣ የአፓርትመንት ማስያዣ 2,000 ነው። ይህ ብቻ 23,150 ድርሃም ሆነ። የውል ምዝገባው ገና አልተከፈለም፣ ፍራሽም አልተገዛም።

በየወሩ የሚመጣም አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ከዓመቱ ኪራይ 5 በመቶ ይወስዳል፤ ይህ ለ12 ተከፍሎ ከዴዋ ቢል ጋር ይመጣል። በምሳሌያችን በወር 250 ድርሃም ነው። ከሁሉም በላይ ግን ማቀዝቀዣውን ይጠይቁ። አንዳንድ ሕንፃ የሚቀዘቅዘው እንደ ኤምፓወር ካሉ ድርጅቶች በሚመጣ ማዕከላዊ አገልግሎት ነው፤ ቢሉም ለብቻው ይመጣል። በዚያ ቢል ላይ ቤት ባይኖሩም የሚታሰብ ቋሚ ክፍያ ሊኖር ይችላል። «ቺለር ፍሪ» (የማቀዝቀዣው ቢል በተከራዩ ላይ የማይመጣበት) የተባለ ቤት ካገኙ ያ ቃል ውሉ ውስጥ ይግባ። የሐምሌን ሙቀት ያላየ ሰው ይህን ጥያቄ ይዘለዋል።

ደመወዝዎ በዶላር ከሆነ አንድ እፎይታ አለ፦ ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 ገደማ የታሰረ ነው። በዩሮ የሚከፈልዎት ከሆነ ግን የምንዛሪውን መውጣትና መውረድ አስበው ትንሽ ትርፍ ይያዙ።

ውሉን ከቪዛውና ከሥራው ጋር አለማገናኘት

ይህን በቂ ሰው አያወራበትም፤ በርቀት ለሚሠራ ሰው ግን ትልቁ አደጋ እዚህ ይመስለኛል። ቪዛዎ የቆመው በሥራ ውልዎ ላይ ነው። ሥራው ቢቋረጥ ቪዛውን ማደስ ላይችሉ ይችላሉ፤ የቤቱ ውል ግን ይቀጥላል። የዱባይ የኪራይ ሕግ ተከራዩ በፈለገው ጊዜ ብቻውን ውል እንዲያፈርስ አይፈቅድም። መውጫው እርስዎ በውሉ ውስጥ ያስገቡት አንቀጽ ነው። የተለመደው የሁለት ወር ኪራይ ቅጣት ከፍሎ መውጣት ነው። አንዳንድ አከራይ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው ቅጣቱን ወደ አንድ ወር ሊያወርድልዎት ይችላል። ይህን ከመፈረምዎ በፊት ይደራደሩ። «ችግር የለም፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን» የሚለውን የቃል ተስፋ አይቀበሉ።

ቼኮቹም ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ። ወደፊት የሚመነዘሩ ቼኮችን ፈርመው አስቀድመው ነው የሚሰጡት። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሂሳብ ውስጥ ገንዘብ ማነስ በአብዛኛው ወንጀል መሆኑ ቀርቷል። ሆኖም የተመለሰ ቼክ የያዘ አከራይ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል፤ የጉዞ እገዳም ሊከተል ይችላል። ደመወዝዎ የሚገባበትን ቀን አስልተው የቼኩን ቀን ከዚያ በኋላ ያድርጉት። ሙሉውን በአንድ ቼክ መክፈል ዋጋ ያስቀንሳል፤ ግን ሥራዎ የተረጋገጠ ካልሆነ የዓመት ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማስረከቡን አልመክርም።

ኤጃሪ የሌለው ቤት መግባት

ኤጃሪ የኪራይ ውል የሚመዘገብበት ሥርዓት ነው። ኤጃሪ ከሌለ ዴዋ በስምዎ አይገባም፤ ክርክር ሲነሣም መቆሚያ አይኖርዎትም።

የእኛ ሰው የሚጎዳው ደግሞ በወገንነት በኩል ነው። ዴራ አካባቢ የተከራየ የአገር ልጅ ክፍል ከፍሎ ወይም ቤድ ስፔስ (የአንድ አልጋ ቦታ ብቻ) አድርጎ ያከራያል፤ እርስዎም በእምነት ይገባሉ። ያስጠጋዎት ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ብዙዎቻችን በዚህ መንገድ ነው የተረዳዳነው። ግን ባለቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደ ተከራይ መልሶ ማከራየት አይችልም፤ ከተደረሰበት ሁለታችሁም ትወጣላችሁ። በ2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ማዘጋጃ ቤቱ እንደ ሪጋና ሳትዋ ባሉ ሰፈሮች ያለ ፈቃድ በተከፋፈሉ ክፍሎች ላይ ዘመቻ አድርጓል። ከሰው ጋር መኖር ከመረጡ ባለቤቱ ይወቅ፣ ስምዎም በዱባይ ሬስት አብሮ ነዋሪ ሆኖ ይመዝገብ።

ቤቱ ቢሮም መሆኑን መርሳት

ከዋሽንግተን ጋር የሚሠራ ሰው ዱባይ ላይ ሥራ የሚጀምረው አመሻሽ ላይ ነው፤ የሚጨርሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። እንግዲህ የሚተኛው ጠዋት ነው፤ ጠዋት ደግሞ ጎረቤት ያለው ግንባታ ይጀምራል። ቤቱን ሲያዩ በመስኮት ክሬን ይፈልጉ። አንድ ጊዜ ቀን፣ አንድ ጊዜ ማታ ይሂዱ።

የትኛው የኢንተርኔት ድርጅት ወደ ሕንፃው እንደሚገባ ይጠይቁ፦ ኢቲሳላት ነው ወይስ ዱ? የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ በአብዛኛው ዝግ ነው፤ ዙምና ቲምስ ይሠራሉ። አሠሪዎ በዋትስአፕ ደውሎ ስብሰባ የሚያደርግ ከሆነ ከመምጣትዎ በፊት ይነጋገሩ። በቪፒኤን የተዘጋውን መክፈት በሕግ ሊያስጠይቅ ስለሚችል እሱን መፍትሔ አድርገው አይቁጠሩት።

የእድሳቱን ቀን መርሳት

ኪራይ ሊጨምር የሚፈልግ አከራይ በሌላ ካልተስማማችሁ በቀር ውሉ ከማለቁ 90 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት። ጭማሪውም ገደብ አለው። ኪራይዎ ከገበያው በታች ያለው እስከ 10 በመቶ ብቻ ከሆነ መጨመር አይችልም፤ ልዩነቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ከ20 በመቶ በላይ አይሄድም። ገበያውን የሚለካው መረጃ ጠቋሚ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ታድሶ ለሁሉም ክፍት ነው። ለመሸጥ ወይም ራሱ ለመኖር ሊያስወጣዎት ከፈለገም የ12 ወር ማስጠንቀቂያ በኖተሪ ወይም በሪኮማንዴ መስጠት አለበት። በቴክስት የተላከ «ውጣ» አይቆጠርም።

ማስያዣውን በመውጫው ቀን ማሰብ

ማስያዣ የሚጠበቀው ቁልፍ በተቀበሉበት ቀን ነው። ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ምድጃውን፣ የተሰነጠቀውን ሁሉ ፎቶ አንሥተው ያን ዕለት ለአከራዩ በኢሜይል ይላኩ። ሲወጡ ቀለም ማን እንደሚቀባ ውሉ ላይ ያንብቡ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው በዚያ ነው። አከራዩ ያለ ምክንያት ከያዘብዎት የኪራይ ክርክሮች ማዕከል አለ፤ ክፍያው ከዓመቱ ኪራይ 3.5 በመቶ ሆኖ ከ500 ድርሃም አያንስም። የዴዋውን 2,000 ደግሞ አይርሱት፤ የመጨረሻው ቢል ተቀንሶ ቀሪው ስለሚመለስ የባንክ ሂሳብዎን ከእሱ በፊት አይዝጉ።