ስፒዱ አለ፣ ቬሎሲቲው የት ገባ?

ችግር፦ የፊዚክስ ጥያቄው ስለ ሯጭ ነው። አስልታችሁ አስልታችሁ ቬሎሲቲው ዜሮ ወጣ። ተናዳችሁ ላጲስ አነሳችሁ።

ቆይ፣ አታጥፉት። ልክ ሊሆን ይችላል። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲጨርስ፣ የ400 ሜትሩን መም 25 ጊዜ ዞሯል። 10,000ን ለ1,577.53 ሰከንድ ብናካፍለው ስፒዱ በሰከንድ 6.34 ሜትር ገደማ ይመጣል። በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እኔ በብስክሌትም አልደርስበትም! ግን የጨረሰው እዚያው የተነሳበት መስመር ላይ ነው። ዲስፕሌስመንቱ (ከመነሻ እስከ መድረሻ በቀጥታ መስመር ያለው ርቀትና አቅጣጫው) ዜሮ፣ አማካይ ቬሎሲቲውም ዜሮ።

ምክንያቱ፦ ስፒድ ስኬላር ነው፣ «ምን ያህል?» ብቻ ይጠይቃል። ቬሎሲቲ ግን ቬክተር ነው፣ «ወዴት?» የሚለውም ካልተመለሰለት አይሆንም። እኛ ደግሞ በአማርኛ ሁለቱንም «ፍጥነት» ብለን እንገላገላለን። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

መፍትሄ፦ ጥያቄው ውስጥ ቃሉን ፈልጋችሁ አክብቡበት። ስፒድ ካለ የተሮጠውን መንገድ በሙሉ ውሰዱ። ቬሎሲቲ ካለ መነሻና መድረሻን ብቻ በቀጥታ መስመር አገናኙ።

ችግር፦ 3 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ 4 ወደ ሰሜን ሄዳችሁ «ከመነሻዬ 7 ኪሎ ሜትር ርቄያለሁ» አላችሁ። ቬክተርን እንደ ብርቱካን ደመራችሁት ማለት ነው። ሣሉት። የመጀመሪያው ቀስት ካለቀበት ጫፍ ሁለተኛውን ጀምሩ፣ ከዚያ መነሻውን ከመጨረሻው አገናኙ። ሦስት ጎን ማዕዘን ወጣ፤ 3 በ3 9፣ 4 በ4 16፣ ሲደመሩ 25። ስኩዌር ሩቱ 5። ሰባቱን እግራችሁ ያውቀዋል፣ የራቃችሁት ግን 5 ነው።

ችግር፦ መኪናው በሰከንድ 72 ሜትር ከነፈ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የተሰጠውን ሳትቀይሩ አስገብታችሁት ነው። ለ3.6 አካፍሉት፣ 20 ይሆናል።

ችግር፦ 1 ሜትር ላይ የምትንከባለል ኳስ በስልክ ሰዓት ስትለካ በየጊዜው ሌላ ቁጥር ትሰጣለች። ኳሷ ምንም አላጠፋችም፣ የዘገየው ጣታችሁ ነው። ዓይን አይቶ ጣት እስኪጫን 0.2 ሰከንድ ገደማ ይሄዳል። ግማሽ ሰከንድ ለምትፈጅ ኳስ ይሄ ብዙ ነው። ርቀቱን አርዝሙ፣ አምስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ያዙ። ከዚህ የሚሻለው ግን ቪዲዮ መቅረጽ ነው። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ከሆነ አንድ በአንድ እያሳለፋችሁ ቁጠሩ። ኳሷ ሜትሩን እስክትጨርስ 15 ምስል ካለፈ ግማሽ ሰከንድ ፈጅታለች፣ ስፒዷም በሰከንድ 2 ሜትር ነው።