ማቡና ባዱዋንጂን ሲጀምሩ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ብዙዎቻችን ኩንግ ፉን ያወቅነው በፊልም ነውና ልምምድ ስንጀምር ዐይናችን ዝላዩና እርግጫው ላይ ያርፋል። ሰውነትን የሚያጠነክሩትና የሚያፍታቱት ግን ዝግ ያሉት መሠረታዊ ልምምዶች ናቸው፦ የፈረስ አቋቋም የሚባለው ማቡ፣ እንዲሁም ባዱዋንጂን። ባዱዋንጂን በቻይናው የሶንግ ሥርወ መንግሥት፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ስሙ የተጠቀሰ፣ ስምንት እንቅስቃሴዎች ያሉት ልምምድ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በጀመሩበት ቀን ዝቅ ብሎ መቆም ነው። ማቡ እግርን ከትከሻ አስፍቶ፣ ኮርቻ ላይ እንደተቀመጡ ጉልበትን አጥፎ መቆየት ነው። የሠለጠነው ሰው ጭኑ ከመሬት ጋር ትይዩ እስኪሆን ይወርዳል። እኔም እሱን አይቼ ወረድሁ። ጭኔ ሲዝል ጉልበቶቼ ወደ ውስጥ እየታጠፉ ነበር፤ ልብ አላልሁም። በሳምንቱ ደረጃ ስወርድ ግድግዳ መያዝ ጀመርሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ብቻ ዝቅ በሉ። ጉልበታችሁ የእግር ጣቶቻችሁ ወዳመለከቱበት ይሂድ፣ ጀርባችሁ ቀጥ ይበል፣ 30 ሰከንድ ይበቃል። ጭናችሁ ቢንቀጠቀጥ አትደንግጡ፣ ጡንቻው እየሠራ ነው። ጉልበታችሁን ውጋት ከተሰማችሁ ግን ወዲያው ቀና በሉ። የባዱዋንጂን ሁለተኛው እንቅስቃሴ፣ ቀስት መሳቡ፣ በዚሁ አቋቋም ስለሚሠራ እዚህ የተበላሸው እዚያም ይከተላችኋል።

ትንፋሽ ማፈን ሌላው ነው። እጅ ወደ ላይ ሲወጣ አየር ሳቡ፣ ሲወርድ አስወጡ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ስድስተኛው እንቅስቃሴ ላይ የሚሠራው ስህተት ነው። እዚያ ላይ እጅ ከወገብ ተነሥቶ በእግር ኋላ እየዳበሰ ወደ ታች ይወርዳል። ብዙ ሰው ግን የእግር ጣቱን ለመንካት ሲል ወገቡን እያነጠረ ይጎነበሳል፤ ያውም ሰውነቱን ሳያሟሙቅ። እጃችሁ ባታችሁ ላይ ከቆመ የዛሬው ልክ እዚያ ነው። እዚያው ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ተንፍሱ፣ ጡንቻው ሲለቅ ይሰማችኋል።

በመጨረሻው እንቅስቃሴ ተረከዝ ሰባት ጊዜ ተነሥቶ ይወርዳል። ቀላል ስለሚመስል ሰው ይዘለዋል፣ ወይም ተረከዙን በኃይል መሬት ላይ ይጥላል። ጥርሳችሁ እስኪንገጫገጭ ከጣላችሁት በዝቷል፤ እርግፍታው ቀለል ብሎ አከርካሪያችሁ ላይ መለስተኛ ንዝረት ብቻ ይድረስ።