ባትሪ የሚጨርሱ ልማዶቻችን

ትናንት አንድ ባለታክሲ ስልኩን ይዞ መጣ። "ወንድሜ፣ ባትሪው አልቆ አስቸገረኝ፣ ቀይርልኝ" አለ። ከአምስት ወር በፊት የቀየርኩለት እኔው ነኝ። ስልኩ የት እንደሚውል ጠየቅኩት። ዳሽቦርድ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ቻርጀር እንደተሰካበት፣ ካርታው እንደበራ፣ ወፍራም ከቨር እንደለበሰ።

ስለ ሙቀት ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የዛሬ ስልኮች የሚሠሩበትን የሊትየም ባትሪ እንደ ሙቀት የሚያስረጀው ነገር የለም። አፕል አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው አየር ውስጥ ተጠቀሙበት ይላል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ 35ን የማያልፍ ይመስላችኋል? እጃችሁን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፉና እዩት። "አዲስ አበባ እኮ ብርድ ነው" የሚሉኝ አሉ። ጥላው ብርድ ነው፣ ፀሐይዋ ግን ታቃጥላለች። ስልኩ በዚያ ግለት ላይ ቻርጅ ሲጨመርበት፣ ደግሞም 100 ፐርሰንት ሞልቶ ሲውል፣ የባትሪው ኬሚካል በማይሆን መንገድ እየተዋሐደ አቅሙ ይቀንሳል። የቀነሰው አይመለስም። ሰውዬውን ከቨሩን አውልቅ፣ ስልኩንም ቀዝቃዛ አየር ከሚወጣበት ፊት እሰረው አልኩት። "እሺ" አለኝ። እንደማያደርገው ሁለታችንም እናውቃለን።

ትራስ ሥር አስገብቶ ቻርጅ እያደረጉ መተኛትም ያው ነው።

"አዲስ ስልክ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ይሰካ" የሚለው ምክር ዛሬም አልሞተም። የድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች ጊዜ ምክር ነው። ሊትየም አዮን እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ከቀረበ ስንት ዘመኑ! "ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ አትሰካው" የሚለውም ከዚያው የመጣ ነው፤ እንዲያውም ዛሬ ጉዳቱ ይብሳል። ሊትየም ዜሮ መግባትን አይወድም፣ ጢም ብሎ መዋልንም አይወድም። ከ20 እስከ 80 ባለው መካከል ብታኖሩት ደስ ይለዋል። አንዳንዱ ደግሞ በሰካ ቁጥር ዕድሜው የሚቆረጥ ይመስለዋል። የባትሪ ዕድሜ የሚቆጠረው በሙሉ ዙር ነው፤ ዛሬ ግማሽ፣ ነገ ግማሽ ብትጠቀሙ ተደምሮ አንድ ዙር ነው የሚባለው። ስለዚህ መብራት ባለ ሰዓት ትንሽ ትንሽ መሰካት አያሳስባችሁ።

ሌሊቱን ተሰክቶ ማደሩስ? ስልኩ ሲሞላ ራሱ ያቆማል። ችግሩ እስኪነጋ 100 ላይ መቀመጡ ነው። ስልካችሁ 80 ላይ የሚያቆም ምርጫ ካለው አብሩት።

"ባትሪ ቆጣቢ" ነኝ የሚለውን አፕ አጥፉት። የመንገድ ዳር ቻርጀር ላይ ውድ ስልክ ለሚሰካ ሰው ምን ልበል?

ያበጠ ባትሪ ላይ ግን ቀልድ የለም። ስክሪኑ ተነስቶባት በሱፐር ግሉ ለጥፋ፣ አልያዝ ሲላት በላስቲክ አስራ የመጣች ልጅ አጋጥማኛለች። ያበጠው ጋዝ ይዞ ነው። አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅ አታድርጉት። ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የተጣበቀ ባትሪ በብረት ፈልቅቄ ሳነሳ ቀደድኩት። መጀመሪያ ፉጨት ሰማሁ፣ ከዚያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ እሳት። አለቃዬ የአሸዋ ባልዲውን ባይደፋበት ኖሮ ሱቁም አይተርፍም ነበር። ጠረጴዛው ላይ የጀበና ማስቀመጫ የምታክል ጥቁር ክብ ቀረች። አሁን በፕላስቲክ ካርድና በጥቂት ጠብታ አልኮል ነው የማነሳው፤ አሸዋውም ከእግሬ ሥር አይጠፋም።

የመጨረሻው ስህተት የጥንቁቆች ነው። አንዲት እናት ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸውን ስልክ ይዘው መጡ። ካርቶኑ እንኳ አልተጎዳም። በፌስታል ጠቅልለው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነጠላ መካከል ሁለት ዓመት አስቀምጠውታል። "ለሰርጓ ቀን ብዬ ነው ልጄ፣ እንዳይበላሽብኝ" አሉ። አልበራም። ባትሪ ባይነኩትም በራሱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከልክ በታች ሲወርድ በውስጡ ያለው መከላከያ ይዘጋና ቻርጅ አልቀበልም ይላል። ስልክ ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡ ከሆነ 50 ፐርሰንት ላይ አድርሳችሁ አጥፉት፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት፣ በየስድስት ወሩ አውጥታችሁ ወደ ግማሽ መልሱት።

ባትሪውን ቀይሬ ሰጠኋቸው። ሲበራ መረቁኝ። ከዚያ አጥፍተው ወደ ፌስታሉ እየመለሱ፦

"በል አሁን ሰርጉ እስኪደርስ የት ላስቀምጠው?"