ላፕቶፕ ላይ ለምታመሹ የአዳማ ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች

አውቶካድ (የንድፍ መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ ስታመሹ ላፕቶፑን አልጋ ላይ አድርጋችሁ አታጎንብሱ። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። እኔ ዶርም ውስጥ ፕሮጀክት ስሠራ አምሽቼ፣ ጠዋት አንገቴን ማዞር አቅቶኝ ያውቃል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ጠንካራ የጫማ ካርቶን ወይም ወፋፍራም መጻሕፍት ከላፕቶፑ ሥር አስገቡ። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ትይዩ ይሁን። የአየር መውጫውን ግን እንዳትደፍኑት፤ በአዳማ ሙቀት ማሽኑ ቶሎ ይግላል። ላፕቶፑ ከፍ ካለ በራሱ ኪቦርድ መጻፍ ትከሻ ያደክማል፤ ለብቻው ኪቦርድና ማውስ ሰኩ። ክርናችሁ 90 ዲግሪ አካባቢ ይታጠፍ።

ዓይናችሁ እንዲያርፍ በየ20 ደቂቃው ቀና ብላችሁ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ እዩ። ጣታችሁ መደንዘዝ ከጀመረ ደግሞ ፈተና እስኪያልፍ አትጠብቁ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።