ጉልበት ወይም ትከሻ ሲጎዳ፦ ከወደቁበት ሜዳ እስከ ኦፕራሲዮንና እስከ ማገገሚያው

ጎጃም ውስጥ ጉልበትና ትከሻ የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው። ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ይገለበጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ ወጣቱ ኳስ ሲጫወት እግሩ መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነቱ ብቻ ይዞራል። አዊ ላይ ደግሞ ከፈረስ የሚወድቅ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ኦፕራሲዮኑ የት ይሠራል?»

ይህ ጥያቄ ግን ተራው ገና ነው። መጀመሪያ ምኑ እንደተጎዳ ይታወቅ። ቀጥሎ ኦፕራሲዮን ያስፈልገው እንደሆነ ይታይ። ከዚያ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያሉትን ወራት እችላቸዋለሁ ወይ ብለው ራስዎን ይጠይቁ። በዚሁ ቅደም ተከተል እንሂድ።

1. በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

አይጎትቱት፣ አያሹት። ጉልበት ከሆነ ባለበት ሁኔታ በተጠቀለለ ጋቢ ደግፉት። ትከሻ ከሆነ ክንዱን ደረት ላይ አስጠግተው በነጠላ ከአንገት ያንጠልጥሉት። በረዶ ከተገኘ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስቀምጡበት። ከሌለ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅም ያግዛል።

ስለ ወጌሻ ሳይነሳ አይታለፍም። ሰው ወጌሻ ጋ የሚሄደው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ይታመናል። ችግሩ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ውልቃት የመሰለው ነገር ስብራትም ሊኖርበት ይችላል፤ ሲጎተት ይብሳል። ሁለተኛ፣ በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውርን ይዘጋል። በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። ስለዚህ ቢያንስ ራጅ ይቅደም። ከታሰረ በኋላ ደግሞ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ ያን ጊዜውኑ ይፍቱት። እስኪነጋ አይጠበቅም።

ለሊትም ቢሆን መኪና ተፈልጎ ሆስፒታል መድረስ ያለባቸው እነዚህ ናቸው፦

- ጉልበቱ ወልቆ የነበረ፣ በተለይ እግሩ የቀዘቀዘ ወይም የገረጣ። ከጉልበት ጀርባ የሚያልፈው ትልቅ የደም ሥር ተጎድቶ ከሆነ እግሩን ለማትረፍ ያለው ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው። ጉልበቱ ራሱ ወደ ቦታው ተመልሶ ደህና ሊመስልም ይችላል፤ አይታመንም።
- መገጣጠሚያው ላይ ቁስል ተከፍቶ ከሆነ።
- መገጣጠሚያው አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለ። ይህ ውስጡ መግል መያዙን ሊያመለክት ይችላል።
- የወለቀ ትከሻ፣ ሕመሙ ቢቻልም እንኳ።

2. ምኑ ነው የተጎዳው?

ጉልበት ብዙ ነገር ይናገራል። ሲዞር «ቋ» ብሎ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካበጠ ውስጡ ደም ፈሷል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የተበጠሰው ሐኪሞች ኤሲኤል የሚሉት፣ ጉልበት መሃል ያለው የፊተኛው ጅማት ነው። እብጠቱ በማግሥቱ ቀስ ብሎ ከመጣ ሜኒስከስ ይጠረጠራል። ሜኒስከስ በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የገባው ለስላሳ አካል ነው። ጉልበት ታጥፎ አልዘረጋ ካለ ብዙውን ጊዜ የተቀደደው ሜኒስከስ መሃል ገብቶ ቆልፎታል። እግርዎን ቀጥ አድርገው ከአልጋ ማንሳት ካቃተዎት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሎሚው፣ ማለትም ከጉልበት ፊት ያለው ክብ አጥንት፣ ተሰብሯል ወይም ሎሚውን የያዘው ጅማት ተበጥሷል። ይህ ቶሎ መሠራት ያለበት ነው፤ ሳምንታት ካለፉ ጅማቱ ይሰበሰብና ሥራው ይከብዳል።

ራጅ የሚያስፈልገው ማን ነው? ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል መመሪያ አለ። ዕድሜው 55 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሎሚው ብቻውን ሲነካ ካመመ፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለችው የአጥንት ራስ ካመመች፣ ጉልበቱ እስከ 90 ዲግሪ ካልታጠፈ ወይም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተ ራጅ ይነሳል። ጅማትና ሜኒስከስን ጭምር የሚያሳየው ኤምአርአይ የሚባለው ምርመራ ከዚያ በኋላ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የአጥንት ሐኪም በእጁ ሳይመረምረው ኤምአርአይ ለመነሳት የሚወጣ ብር ያሳዝነኛል። የበሰለ እጅ የተበጠሰ ኤሲኤልን አልጋ ላይ ይለየዋል።

ትከሻ ሲወልቅ በአብዛኛው ወደ ፊት ነው። ክብ የነበረው ቅርጽ ይጠፋና ጫፉ ይሾላል። የክንዱ ላይኛው ውጫዊ ክፍል ከደነዘዘ ነርቭ ተነክቷል፤ ለሐኪሙ ይንገሩ። ከመመለሱ በፊትም ከተመለሰ በኋላም ራጅ መነሳት አለበት። ኤሌክትሪክ የያዘው ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ትከሻ ወደ ኋላ ሊወልቅ ይችላል። ይህ በአንድ ራጅ ብቻ በቀላሉ ያመልጣል፤ ከጎን የሚነሳ ሁለተኛ ራጅ ይጠይቁ።

ከወለቀ ሦስት ሳምንት ያለፈው ትከሻ በጉልበት አይመለስም። አጥንቱ ሊሰበር፣ የደም ሥሩም ሊቀደድ ይችላል። እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ በኦፕራሲዮን ነው የሚመለሰው።

3. ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል?

ሁሉም የተቀደደ ነገር አይሰፋም። ስዊድን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ኤሲኤላቸው የተበጠሰ 121 ወጣቶችን በሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ቶሎ ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ሌሎቹ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በባለሙያ የሚመራ የእንቅስቃሴ ሕክምና፣ ጀመሩ፤ ጉልበታቸው እየከዳ ካስቸገራቸው በኋላ ሊደረጉ ይችላሉ ተባለ። ከአምስት ዓመት በኋላ የሁለቱ ወገኖች ጉልበት በሕመምም በእንቅስቃሴም ልዩነት አልነበረውም። ከሁለተኛው ወገን ግማሽ ያህሉ ኦፕራሲዮን ሳያደርጉ ቀርተዋል።

ስለዚህ መምህር ወይም ነጋዴ ከሆኑ ሦስት ወር ጠንከር ያለ ፊዚዮቴራፒ ሞክረው ቢወስኑ የሚያጡት ነገር የለም። በሜዳ ላይ የሚሽከረከር ኳስ ተጫዋች ከሆኑ ሚዛኑ ወደ ኦፕራሲዮን ያጋድላል። ገበሬስ? ጉልበቱ ቁልቁለት ላይ ወይም ትልም ውስጥ የሚከዳው ከሆነ ቢደረግ ይሻላል። ግን ወቅቱ ይታሰብበት። ጥር ላይ የተደረገ ሰው ሰኔ ላይ ገና አምስተኛ ወሩ ነው። የዚያን ዓመት እርሻ ወንፈል ወይም ደቦ ካልያዘለት ኦፕራሲዮኑን በምርት ማግሥት ቢያደርገውም ሳይድን ክረምቱ ይደርስበታል። ይህን ከሐኪሙ ይልቅ ቤተሰቡ ነው የሚያቅደው።

ደግሞ ጉልበቱ አብጦና ደርቆ ሳለ አይቸኮል። እብጠቱ ጎድሎ፣ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ነው ጥሩው ጊዜ። አለዚያ በኋላ ድርቅ ብሎ ይቀራል። የተቆለፈ ሜኒስከስ ግን ቶሎ ይታይ፤ በተለይ ወጣት ከሆኑ መሰፋት ይችላል።

በዕድሜ የሚመጣው የሜኒስከስ መቀደድ ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የፊንላንድ ጥናት 146 ሰዎችን አየ። ለአንዳንዶቹ ሜኒስከሱ ተቆረጠ። ለሌሎቹ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ገብቶ ከታየ በኋላ ሜኒስከሱ ሳይነካ ቆዳው ተዘጋ። ከዓመት በኋላ ውጤቱ አንድ ሆነ። ትከሻ ላይም እንግሊዝ ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል። ለትከሻ ሕመም ተብሎ አጥንት መፋቅ፣ ካሜራ አስገብቶ ዝም ብሎ ከማየት የጎላ ብልጫ አልነበረውም። አንድ ሰው ሳይወድቅ፣ ሳይጎዳ፣ በዕድሜ የመጣ ሕመም ይዞ «ኦፕራሲዮን ይደረግ» ከተባለ ሁለተኛ ሐኪም ቢያማክር መብቱ ነው።

ትከሻቸው የወለቀ ሰዎችን የሚለየው ዕድሜ ነው። ከ20 ዓመት በታች ከሆነ ዳግም የመውለቅ ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነው። ከ40 በላይ የሆነ ሰው ትከሻ ደጋግሞ የመውለቅ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ጅማቱ ግን ሊበጠስ ይችላል። ከተመለሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ ክንዱን ማንሳት ካቃተው አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል።

4. አሠራሩ

ዛሬ ብዙው ሥራ በአርትሮስኮፒ ነው፤ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ይገባል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጃፓናዊው ኬንጂ ታካጊ እ.ኤ.አ. በ1918 በፊኛ መመልከቻ መሣሪያ የጉልበትን ውስጥ አይቷል።

የተበጠሰ ኤሲኤል ብዙውን ጊዜ አይሰፋም፤ ይተካል። ከራስዎ ቋንጃ ወይም ከሎሚው በታች ካለው ጅማት ይወሰዳል። በጭኑና በቅልጥሙ አጥንት ቀዳዳ ተበስቶ ያልፍና በብሎን ይታሰራል። አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣው በጀርባ የሚሰጥ መርፌ ነው።

ደጋግሞ ለሚወልቅ ትከሻ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ባንካርት ይባላል፤ የተገነጠለው ከንፈር መሳይ ጠርዝ ወደ አጥንቱ ተመልሶ ይሰፋል። ሁለተኛው ላታርዤ ነው፤ ከትከሻው ፊት ካለች ትንሽ አጥንት ተቆርጦ በብሎን የትከሻው ጽዋ፣ ማለትም የክንዱ አጥንት ራስ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ፣ ጠርዝ ላይ ይታሰራል። የጽዋው አጥንት ከተበላ ላታርዤ የተሻለ ይይዛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ላታርዤ ያለ ካሜራ፣ በተለመደው ክፍት ኦፕራሲዮን በደንብ ይሠራል። ካሜራ የለንም ማለት ሕክምና የለም ማለት አይደለም።

5. የት ልሂድ?

የጤና መድን ካለዎት ከጤና ጣቢያ ይጀምሩና ሪፈር ያጽፉ። ሳያጽፉ ቢሄዱ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ ደብረ ማርቆስም ትልቁ ሆስፒታል አሉ። አርትሮስኮፒ ግን በየሆስፒታሉ የሚገኝ ስላልሆነ አዲስ አበባ ሊላኩ ይችላሉ። ቀን ቆርጠው ከመውጣትዎ በፊት ይደውሉ። ሐኪሙንም ይጠይቁት፦ ይህን ኦፕራሲዮን ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ብሎኑን የምገዛው እኔ ነኝ ወይ? ፊዚዮቴራፒውን ማን ይከታተለኛል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለ አልቸኩልም።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ምግብ ለ6 ሰዓት፣ ውኃ ለ2 ሰዓት ይቆማል። ሆስፒታሉ የነገረዎት ከዚህ ከበለጠ የእሱን ይከተሉ።

6. ወደ ቤት መመለስና ማገገም

ከአዲስ አበባ ከሆነ የሚመለሱት በማግሥቱ አውቶቡስ አይሳፈሩ። በመንገድ ላይ ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ። ጎሐ ጽዮንና ደጀን ላይ ወርደው በክራንች ጥቂት ይራመዱ። ባትዎ ካበጠና ካመመዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና ሆስፒታል ይግቡ። ቁስሉ ከፈሰሰ ወይም ትኩሳት ከመጣም እንደዚሁ።

ቤትዎን አስቀድመው ያዘጋጁ። ትልቁ ራስ ምታት ሽንት ቤት ነው። ኤሲኤል ወይም ሜኒስከስ የተሠራለት ሰው ለወራት ቁጢጥ ማለት የለበትም። መሃሉ የተበሳ ወንበር አናጺ ያሠሩ፤ ብዙ አያስወጣም። በርጩማም ዝቅተኛ ነው፤ ከፍ ያለ ወንበር ይጠቀሙ። ስግደትን በተመለከተ ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ይንገሩ። ቅዳሴ ላይም ተቀምጦ ማስቀደስ ይቻላል።

ለጉልበት ከመጀመሪያው ቀን የሚሠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። ተረከዝዎን በተጠቀለለ ጋቢ ላይ አድርገው ጉልበቱ በራሱ ክብደት እንዲዘረጋ 10 ደቂቃ ይተዉት። ቀጥሎ ጋቢውን ከጉልበት ሥር አድርገው ወደ ታች ይጫኑ፣ እስከ 5 ይቁጠሩ፣ ይልቀቁ። ይህን በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋግሙ። ቀለል ያለ ይመስላል፤ ግን ያልተዘረጋ ጉልበት ዕድሜ ልክ ያስነክሳል።

ትከሻ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ዝምታ ይፈልጋል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት በማንጠልጠያ ይቆያል። ክርንና ጣቶች ግን በየቀኑ ይንቀሳቀሱ። ጅማት የተሰፋለት ሰው ዕቃ ማንሳት የሚጀምረው ከሦስት ወር በኋላ ነው። እንስራ ማዘል፣ እንጨት መፍለጥ፣ እስክስታ ለጊዜው ይቅሩ። ሰርግ ላይ እጅ ማጨብጨብም ይበቃል።

መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ቀጠሮ ያልፋል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ የየወሩን እንቅስቃሴ በወረቀት ያጽፉ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ሲያሳይዎት በስልክ ይቅረጹ።

7. ወደ ሜዳ መመለስ

አደገኛው ጊዜ ሦስተኛውና አራተኛው ወር ነው። ሕመሙ ይጠፋል፣ ሰውየው «ድኛለሁ» ይላል። አዲሱ ጅማት ግን ገና አልጠነከረም። በኖርዌይ የተደረገ ክትትል እንዳሳየው ወደ ሜዳ መመለስን እስከ 9 ወር በአንድ በአንድ ወር ማዘግየት ዳግም የመጎዳትን ዕድል በየወሩ በግማሽ ያህል ቀንሶታል። ወሩ ብቻውንም አይበቃም። በተጎዳው እግር ብቻ ሲዘሉ ርቀቱ የደህናውን ቢያንስ 90 በመቶ ካልሆነ ይቆዩ።

ውጤቱን በተመለከተ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና እንዲህ ይላል፦ ኤሲኤል ከተሠራላቸው 100 ሰዎች 81ዱ ወደ አንድ ዓይነት ስፖርት፣ 65ቱ ወደ ቀድሞ ደረጃቸው፣ 55ቱ ወደ ውድድር ተመልሰዋል። ላታርዤ የተሠራለት ሰው አጥንቱ መያዙ በራጅ ከታየ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ኳስ ይጀምራል። ፈረስ መጋለብም ከዚያው ጊዜ በኋላ ነው።