በፐርል ሪፖርት ሄደር ላይ የዛሬን ቀን ማተም

በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ፣ በሪፖርት ሄደር (በገጹ አናት ላይ በሚወጣው ጽሑፍ) የሚገባውን ቀን የሚሰጠው ሎካልታይም የተባለው ፈንክሽን ነው። በቀጥታ ፕሪንት ካደረጋችሁት ግን ዘጠኝ ቁጥሮች ያለ ክፍተት ተጣብቀው ይወጣሉ፦ ሰከንድ፣ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ የሳምንቱ ቀን፣ የዓመቱ ቀንና የበጋ ሰዓት ምልክት። ከፊቱ ስካላር የሚለውን ቃል ብትጨምሩ በእንግሊዝኛ የሚነበብ ቀን ይሰጣል። ለሎግ ፋይል ይበቃል፤ ለሪፖርት ግን አቀማመጡን ራሳችሁ መወሰን አለባችሁ።

ለዚህ ከፖዚክስ ሞጁል ቀንን በፈለጋችሁት አቀማመጥ የሚጽፈውን ኤስቲአርኤፍታይም የተባለ ፈንክሽን ጥሩ። ለቀን ስሞል ዲ፣ ለወር ስሞል ኤም፣ ለዓመት ካፒታል ዋይ፣ ከእያንዳንዳቸው ፊት % አድርጉ። ካፒታል ኤም ደቂቃ ነው፤ በ47ኛው ደቂቃ የታተመ ሪፖርት 07-47-2024 ይልላችኋል። ሎካልታይም ወርን ከ0 ይቆጥራል፣ ከዓመቱም 1900 ይቀንሳል (2024 ሲሆን 124 ይሰጣል)። ይህን ኤስቲአርኤፍታይም ራሱ ያስተካክለዋል። ቀድማችሁ ወሩ ላይ 1 ከደመራችሁ ሄደሩ ላይ የሚመጣው ቀጣዩ ወር ነው።

ውጤቱን በአንድ ተለዋዋጭ ያዙ፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፕሮግራሙ ሲጀምር። በየገጹ እንደገና ከጠየቃችሁ እኩለ ሌሊት ያለፈበት ረጅም ሪፖርት ግማሹ የትናንት፣ ግማሹ የዛሬ ቀን ይዞ ይወጣል።

በፎርማት (የገጹን አቀማመጥ በሚወስነው የፐርል መሣሪያ) የምትሠሩ ከሆነ የሄደሩ ስም የፋይል ሃንድሉ (ፋይሉ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚጠራበት) ስም ሆኖ መጨረሻው ላይ _ቶፕ (በላቲን ትልልቅ ፊደላት) ይጨመርበታል። ሄደሩ የሚወጣው በራይት ስትጽፉ ነው፤ በፕሪንት አይመጣም። ለ10 ፊደል ቀን አንድ @ እና ዘጠኝ < ያስፈልጋል፤ @ ራሱም ይቆጠራል። ስምንት ብቻ ካደረጋችሁ የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ይቆረጣል። ፎርማቱን የሚዘጋው ነጥብ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ከፊቱ አንድ ባዶ ቦታ ካለ ፎርማቱ እንዳልተዘጋ ይቆጠራል።

ብዙ ሰው የሚያስቸግረው ባዶ ሄደር ነው። በማይ (ተለዋዋጭን ለአንድ የኮድ ክፍል ብቻ በሚያውጀው ቃል) የታወጀው ተለዋዋጭ ከፎርማቱ በታች ከሆነ ፎርማቱ አያየውም፤ በዚያ ስም የተጠራ ሌላ፣ ባዶ ግሎባል (በፕሮግራሙ ሁሉ የሚታይ) ተለዋዋጭ ይፈልጋል። ስትሪክት (ያልታወጀ ተለዋዋጭን የሚከለክለው ቅንብር) ከበራ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል፣ ካልበራ ግን ዝም ብሎ ባዶ ያትማል። ስለዚህ ስትሪክትን አብሩት፣ ማዩንም ከፎርማቱ በላይ አድርጉት።

ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የሚሄድ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የሚታተም ሪፖርት የትናንትን ቀን ይይዛል። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ የሰዓት ሰቁን ቲዜድ በተባለው የኢንቫይሮንመንት (የሲስተሙ) ተለዋዋጭ ላይ ሎካልታይምን ከመጥራታችሁ በፊት አስገቡ።

ሄደሩ ላይ የኢትዮጵያን ቀን የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ እንዲህ አስሉት። ታይም የተባለው ፈንክሽን በሰከንድ በሚሰጠው ቁጥር ላይ 10800 (3 ሰዓት) ደምሩ፣ ለ86400 አካፍሉ፣ ክፍልፋዩን በኢንት ጣሉ፣ 716732 ጨምሩ። ይህን ለ1461 አካፍላችሁ ድርሻውንና ቀሪውን ያዙ። ዓመቱ ድርሻው በ4 ተባዝቶ፣ ቀሪው ለ365 ሲካፈል የሚገኘው ሙሉ ቁጥር የሚደመርበት ነው። ከዚህ ሁለተኛ ማካፈል የሚተርፈውን ለ30 አካፍሉ፤ ድርሻው ላይ 1 ስትጨምሩ ወሩ፣ ቀሪው ላይ 1 ስትጨምሩ ቀኑ ይገኛል። የመጀመሪያው ቀሪ ልክ 1460 ከሆነ ጳጉሜን 6 ነውና ለብቻው ያዙት፦ ከዓመቱ 1 ቀንሱ፣ ወሩ 13፣ ቀኑ 6 ይሁን። ለመፈተሽ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007ን ተጠቀሙ፤ ቁጥሩ 730500፣ ውጤቱ መስከረም 1 ቀን 2000 መሆን አለበት።

የወር ስሞችን በፊደል ካስገባችሁ ዩቲኤፍ8ን (ፊደላት በባይት የሚጻፉበትን ሥርዓት) ለኮዱም ለውጽዓቱም አስታውቁ። አለበለዚያ ፐርል እያንዳንዱን ፊደል እንደ 3 ባይት ይቆጥረዋል፤ በ10 ቦታ ላይ «መስከረም» ከአራተኛው ፊደል ላይ ተቆርጦ ይወጣል።