ተዳፋቱ ሲሰነጠቅ፦ የሰሜን ሸዋ የክረምት ችግርና መፍትሄ

መሬት ሲንሸራተት ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው የድጋፍ ግንብ ነው። ግንቡ ይቆይ፤ ቅድሚያ ውሃው ነው። የአፈር ቅንጣት በተዳፋት ላይ የሚቆመው እርስ በርሱ ተደጋግፎና ተፋትጎ ነው። ዝናብ ክፍተቱን ሲሞላው ውሃው ከውስጥ ይገፋል፣ ፍትጊያው ይቀንሳል፣ አፈሩም በዚያው ልክ ይከብዳል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ገመገም ላይ ደግሞ ብዙው ቦታ ከገደል የወረደ የድንጋይና የአፈር ድብልቅ ነው። ውሃ በቶሎ ይሰርገዋል፤ ከስሩ አለት ወይም ሸክላማ አፈር ሲያገኝ ግን መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። የሚንሸራተተውም እዚያው ላይ ነው።

ከቤቱ ወይም ከማሳው በላይ ስንጥቅ ታየ

በመጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። ዋልካ አፈር በበጋ በየአቅጣጫው ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲጠግብ መልሶ ይገጥማል፤ እሱ አያስፈራም። የሚያስፈራው ተዳፋቱን አቋርጦ እንደ ማጭድ የጎበጠ ረጅም ስንጥቅ ነው፤ በተለይ የታችኛው ወገን በጣት ያህል እንኳ ዝቅ ብሎ ከተገኘ። መሬቱ ጉዞ ጀምሯል ማለት ነው።

ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ካስማ ትከሉና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየጠዋቱ ለኩ። ስንጥቁን በድንጋይና በገለባ አትሙሉት፤ ውሃ እንደልቡ ይገባበታል። ሸክላማ አፈር ሙሉበትና በደንብ ጠቅጥቁት። ከዚያ በላይ፣ ባልተነካው መሬት ላይ፣ የመቀልበሻ ቦይ ቆፍራችሁ ጎርፉን ወደ አለታማ መውረጃ ምሩት፤ ወደ ጎረቤት ማሳ ግን አይሁን። ይህ ሁሉ ተደርጎም የካስማዎቹ ርቀት እየጨመረ ከሄደ ነገሩ ከቤተሰብ አቅም በላይ ነውና ቤቱን ልቀቁ፣ ለቀበሌም አሳውቁ።

የድጋፍ ግንቡ ተሰነጠቀ ወይም ሆዱን ነፋ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከጀርባው መውጫ ያጣ ውሃ ነው። የተለመደው ጥገና ስንጥቁን በሲሚንቶ መለሰን ነው፤ ይህ ውሃው በግድ ያበጃትን ትንሽ መውጫ ጭምር ይዘጋል። ግንቡ ገና ካልጎበጠ ከግርጌው በየ2 ሜትሩ ገደማ ወደ ውጭ ያዘነበለ ቀዳዳ አውጡለት። ከጎበጠ ግን በክረምት አትንኩት፣ ከስሩም ማንም አይቁም። በበጋ ፈርሶ ሲሠራ ከጀርባው ኮረት ይሞላ፣ አናቱ በሸክላማ አፈር ይከደን፣ የጣሪያ አሸንዳም ወደዚያ አይውረድ።

እርከን የተሠራበት ማሳ ሰመጠ

ይህን መናገር አይጥምም፣ ስንት ጉልበት ፈሶበታል። ደልዳላ እርከን ጎርፍን አቁሞ ወደ መሬት እንዲሰርግ ያደርጋል፤ ለአፈር ጥበቃም ሆነ ለምንጭ መልካም ነው። መንሸራተት በጀመረ ቦታ ግን ለሚንሸራተተው መሬት ውሃ መቀለብ ይሆናል። እዚያ እርከኑ በ100 ሜትር ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ያዘነብል፣ ጫፉም በሳርና በድንጋይ የተጠናከረ መውረጃ ላይ ያርፍ። ውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ካለ ድፈኑት።

ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ተንቀሳቀሰ

ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ሰዓት የወረደ ዶፍ የላይኛውን ስስ አፈር ይንደዋል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ግን ወደ ጥልቁ የሚደርሰው ቀስ እያለ ስለሆነ ትልቁ መንሸራተት ክረምቱ ሲወጣ ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ሲና አጠገብ ሾተል አምባ ላይ መሬቱ ቤትና ማሳ ይዞ የወረደው መስከረም ላይ ነበር። ካስማውን እስከ ጥቅምት ድረስ አትንቀሉ።

ባህር ዛፉ ዘመመ፣ ወንዙ ግርጌውን በላ

ከስሩ ጎብጦ ወደ ላይ የቀና ግንድ አፈሩ ለዓመታት ቀስ እያለ እንደወረደ ያሳያል። ሥር ስስ አፈርን ይይዛል፤ ጥልቅ መንሸራተትን ግን አያቆምም። ወንዙ የሚበላውን የተዳፋቱን ግርጌ በጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ መረብ በታሰረ ድንጋይ፣ ያዙት። ለመንገድም ሆነ ለቤት ቦታ ብላችሁ ግርጌውን አትቁረጡ።

ወዲያው የሚሸሽበት ምልክት

ጥሩ የነበረ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ ወይም ከነጠፈ፣ በር አልዘጋም ካለ፣ ሥር ሲበጠስ ከተሰማ ንብረት ለማውጣት አትመለሱ። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ሂዱ። ከስር የመኪና መንገድ ካለ ከሁለቱም ወገን ራቅ ብሎ መኪና የሚያስቆም ሰው ላኩ።